ዊንዶውስ ቀየርኩ፣ ኒያላዬ ጠፋ

ባለፈው ኅዳር ነው። ስድስት ኪሎ የምትማር አንዲት ልጅ የማስተርስ ጥናቷን በፍላሽ ይዛ መጣች። ታይፕ ያደረግኩላት እኔው ነኝ፣ የቀረን አድቫይዘሯ ያረመው ሦስት ገጽ ብቻ ነበር። አዲሱ ላፕቶፔ ላይ ከፈትኩት፣ 118 ገጽ የነበረው 131 ሆኖ ቁጭ ብሏል። ማውጫው ምዕራፍ ሦስት ገጽ 47 ላይ ነው ይላል፣ ምዕራፍ ሦስት ግን 52 ላይ ወርዷል። ሰንጠረዦቹ መሀል ለመሀል ተቆርጠዋል። ልጅቷ ዲፌንሷ ከሁለት ቀን በኋላ ስለሆነ ዓይኗ እንባ ሞላ፣ "እህቴ ምን ነካሽው?" አለችኝ። ምንም አልነካሁም እኮ። ከላይ የፎንት ስሙን አየሁት ኒያላ ይላል፣ ሳይዙም 12 ነው፣ ሁሉም እንደነበረ ነው፣ ፊደሉ ግን ኒያላ አይደለም። ከአስር ዓመት በላይ በየቀኑ ሳየው የኖርኩትን ፊደል እንዴት አላውቀውም፣ ይሄኛው ወፈር ሰፋ ያለ ነው፣ መስመሩም ተራርቋል።

ይሄን ጽሑፍ የምጽፈው እንደኔ በአማርኛ ለሚሰሩ ሰዎች ነው፣ ለጸሐፊዎች፣ ለአስተርጓሚዎች፣ ለመምህራን፣ የቤተክርስቲያን ወይም የእድር ሰነድ ለሚይዙ። ስለ አዲሱ ዊንዶውስ ሰው የሚያወራው ስታርት መሀል ሄደ፣ ሜኑው ተቀየረ የሚለውን ነው፣ እሱ ሁለት ሳምንት ያናድዳል ከዛ ይለመዳል። እኔን ያስጨነቀኝ ሌላ ነው፣ አማርኛችን ኮምፒውተር ውስጥ የተቀመጠበት ቦታ በጣም ስስ መሆኑ ነው። አንድ ፎንት ሲጎድል፣ አንድ ኪቦርድ ሲቀየር፣ የዓመታት ስራ ሊበላሽ ይችላል፣ ማንም ደግሞ ቀድሞ አይነግራችሁም።

ከመጀመሪያው ልጀምር። አሮጌው ላፕቶፔ ዊንዶውስ 10 ነበር። ዊንዶውስ 10 የወጣው ሐምሌ 2007 ነው (በፈረንጅ 2015)፣ ነጻ የደህንነት አፕዴቱ ያበቃው ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018፣ ማለትም ኦክቶበር 14 2025። ኮምፒውተሩ ያን ቀን አይቆምም፣ እንደ ድሮው ይሰራል፣ ግን ከዛ በኋላ የሚገኝ ቀዳዳ አይደፈንም። እኔ ጋ የሰው ፓስፖርት ኮፒ አለ፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ አለ፣ የልደት ሰርተፊኬት አለ፣ ለትርጉም ብለው አምነው የሰጡኝ ነው፣ ስለዚህ ዝም ብዬ ልቀጥል አልቻልኩም። ወደ ዊንዶውስ 11 ላሳድገው ብዬ ቼክ ማድረጊያውን ሳስኬደው እምቢ አለ። ፕሮሰሰሩ ኮር አይ ፋይቭ ስድስተኛ ጀነሬሽን ነው፣ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል ባብዛኛው ከስምንተኛ ጀነሬሽን ጀምሮ ነው የሚቀበለው። 4 ጂቢ ራም፣ 64 ጂቢ ማከማቻ፣ ሴኪዩር ቡት እና ቲፒኤም 2.0 የሚባል ነገርም ይፈልጋል። ቲፒኤም ማለት የሚስጥር ቁልፎችን የሚይዝ ትንሽ ቺፕ ነው (አንዳንዱ ላይ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ነው)። ብዙ ሰው "ቲፒኤም የለህም" ሲባል ኮምፒውተሩን ሊጥል ይነሳል፣ ግን ብዙ ጊዜ ቺፑ አለ፣ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የኮምፒውተሩ ሴቲንግ) ውስጥ ተዘግቶ ነው እንጂ። የአንድ ጎረቤቴ ዴስክቶፕ እንደዛ ነበር፣ ባዮስ ገብተን አበራነው፣ አለፈ። ኢንቴል ከሆነ ፒቲቲ፣ ኤኤምዲ ከሆነ ኤፍ ቲፒኤም በሚል ስም ነው የምታገኙት። ለኔ ግን ፕሮሰሰሩ ስለሆነ ችግሩ መፍትሄ አልነበረውም። በማይመጥን ኮምፒውተር ላይ አታልሎ መጫኛ መንገድ እንዳለ አውቃለሁ፣ ሱቅ ያሉ ልጆችም "ችግር የለውም እንጭንልሻለን" ብለውኛል፣ ነገር ግን እንደዛ የተጫነው አፕዴት ለማግኘት ዋስትና የለውም፣ እኔ ደግሞ የምቀይረው ለአፕዴቱ ብዬ ነው።

እዚህ ላይ መግዣ የሌለው ሰው የሚጠቅመውን ልናገር፣ እኔ ቀድሜ ብሰማው ኖሮ አልጣደፍም ነበር። ዊንዶውስ 10ን ይዞ ለመቆየት እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ድረስ የተራዘመ የደህንነት አፕዴት አለ። በክፍያ 30 ዶላር ነው፣ እዚህ ሆኖ ዶላር መክፈል ቀላል እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን፣ ግን በማይክሮሶፍት አካውንት ገብታችሁ የሴቲንጋችሁን ባክአፕ ካበራችሁ ያለ ክፍያም ያስመዘግባል። ሴቲንግ ውስጥ ዊንዶውስ አፕዴት የሚለው ገጽ ላይ ነው ያለው።

ለማንኛውም የዕቁብ ተራዬ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ደረሰና ከዱባይ የመጣ ስላይትሊ ዩዝድ ላፕቶፕ ገዛሁ፣ ስምንተኛ ጀነሬሽን፣ ኤስኤስዲ ያለው፣ ዊንዶውስ 11 ተጭኖበት። በጣም ደስ አለኝ፣ በአስር ምናምን ሰከንድ ነው የሚነሳው፣ አሮጌው ቡና ተፈልቶ እስኪወርድ ነበር የሚያስጠብቀኝ።

ወደ ኒያላ ልመለስ። ነገሩ እንዲህ ነው። ኒያላ ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ፣ በፈረንጅ ከ2007 ማለት ነው፣ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚመጣ የአማርኛ ፎንት ነበር፣ አገር ሙሉ በሱ ነው የለመደው። ከዊንዶውስ 10 ጀምሮ ግን በነባሪ አይጫንም፣ ተጨማሪ ሆኖ ለብቻው ነው የሚወርደው፣ በነባሪ ግዕዝ የሚያሳየው ኤብሪማ የሚባለው ፎንት ነው። አሮጌው ላይ አማርኛን ሴቲንግ ውስጥ እንደ ቋንቋ ጨምሬው ስለነበር ኒያላ ሳላውቀው አብሮ ወርዶልኛል። አዲሱ ላይ የምጽፈው ለብቻው በሚጫን ኪቦርድ ስለሆነ ቋንቋውን አልጨመርኩም፣ ስለዚህ ኒያላ የለም። ወርድ ደግሞ ፎንቱ ሲጠፋ አይጮህም፣ ስሙን እንደነበረ ኒያላ ብሎ ያሳያችኋል፣ ከስር ግን በሌላ ተክቶ ነው የሚያሳየው። ያ ነው ያሳበደኝ። ወርድ ኦፕሽን ውስጥ አድቫንስድ ላይ ፎንት ሰብስቲትዩሽን የሚል በተን አለ፣ እሱን ስትጫኑ የቱ ፎንት እንደጎደለና በምን እንደተተካ ይነግራችኋል፣ እኔ ይሄን ያገኘሁት ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ነው።

መፍትሄው አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ስታርት ላይ ኦፕሽናል ፊቸርስ ብላችሁ ፈልጉ (ሴቲንግ ውስጥ ያለበት ቦታ በየቨርዥኑ ስለሚቀያየር በሰርች ይሻላል)፣ ከዛ ኢትዮፒክ ሰፕልመንታል ፎንትስ የሚለውን መርጣችሁ ኢንስቶል። ኢንተርኔት ይፈልጋል ግን ትንሽ ነው። ወርድን ዘግቼ ከፈትኩት፣ 118። ለልጅቷ በዛው ሌሊት "ተስተካክሏል ተኚ" ብዬ ቴሌግራም ላኩላት፣ ነቅታ ነበር፣ ወዲያው መለሰችልኝ። አሁን ለደንበኛ የምሰጠውን ፋይል ሁሉ ፒዲኤፍም አብሬ እሰጣለሁ፣ በወርድ የግድ ከሆነም ሴቭ የሚለው ገጽ ላይ ፎንቱን ፋይሉ ውስጥ የሚከተውን ምርጫ አብርቼ ነው። ምክንያቱም ያቺ ልጅ ፋይሉን ዩኒቨርሲቲ ወስዳ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ብትከፍተው ያው ነገር ይደርስባት ነበር።

ሁለተኛው ድንጋጤ ከሱቁ የመጣ ነው፣ ይሄን ደግሞ በጣም ልብ ብላችሁ አንብቡልኝ። አዲሱ ዊንዶውስ መጀመሪያ ሲነሳ ኢንተርኔትና አካውንት ይጠይቃል። የሸጠልኝ ልጅ ሊያግዘኝ ብሎ በራሱ ኢሜል ነው የጨረሰው፣ ክፋት የለውም፣ ለሁሉም ደንበኛ እንደዛ ነው የሚያደርጉት። እኔም አላስተዋልኩም። ከሳምንት በኋላ ሴቲንግ ስከፍት ከላይ የማላውቀው ስምና ኢሜል አየሁ። ያን ቀን በአጋጣሚ አንዲት የስራ ባልደረባዬ ደውላ እያለቀሰች ነበር፣ የሷ ላፕቶፕ ባዮሱ አፕዴት ከተደረገ በኋላ በሰማያዊ ስክሪን 48 ዲጂት ቁጥር አምጪ አላት። አዲሶቹ ኮምፒውተሮች ላይ በአካውንት ሲገባ ዲስኩ ብዙ ጊዜ በራሱ ኢንክሪፕት ይደረጋል፣ የመክፈቻው ቁልፍ ደግሞ ሴትአፕ በተደረገበት አካውንት ውስጥ ነው የሚቀመጠው። የሷም በሱቅ ልጅ ኢሜል ነበር የተደረገው፣ ልጁ ከዛ ሱቅ ለቋል፣ ስልኩ አይነሳም። ሁለት ዓመት የሰራችው ነገር አንድ ብረት ውስጥ ተቆልፎ ቀረ። እስከዛሬ አልተከፈተም።

እኔ ያን ሰምቼ እጄ እየተንቀጠቀጠ ሁሉንም ፋይሌን ወደ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ገለበጥኩ፣ ኮምፒውተሩን ሪሴት አድርጌ ከዜሮ በራሴ አካውንት ጀመርኩ። 48ቱን ቁጥር አካውንቴ ውስጥ ገብቼ አወጣሁት፣ ፕሪንት አድርጌ የቤት ካርታ ከማስቀምጥበት ፖስታ ጋር አንድ ላይ አስቀመጥኩት። ያገለገለ ላፕቶፕ የገዛችሁ ሰዎች እባካችሁ ዛሬውኑ ሴቲንግ ከፍታችሁ በማን ስም እንደሆነ እዩ። ክራክ የተጫነበት ከሆነም ማን እንደጫነው ምን እንደጨመረበት አታውቁም፣ ያንንም አስቡበት።

ከሪሴቱ በኋላ ደግሞ የዴስክቶፕ ፋይሎቼ ጠፉ። አልጠፉም፣ አብሮ የሚመጣው የክላውድ ማከማቻ ዴስክቶፔንና ዶክመንቴን ወደ ራሱ ፎልደር ወስዷቸው ነበር፣ በነጻ የሚሰጠው 5 ጂቢ ስለሆነ በአንድ ቀን ሞልቶ "ቦታ የለም" እያለ ይጮሃል፣ የወር ፓኬጄም እሱን ሲያወጣ አለቀ። ባክአፑን አጥፋ ስለው ዴስክቶፑ ባዶ ሆነ፣ እዛ ሰዓት ላይ ልቤ ቀጥ ነው ያለችው፣ ከዛ ፋይሎቹ ክላውድ ፎልደሩ ውስጥ ቁጭ ብለው አገኘኋቸውና መልሼ ወደ ቦታቸው ወሰድኳቸው። እግረ መንገዴን ዋይፋዩን ሜተርድ ኮኔክሽን አደረግኩት፣ በሞባይል ዳታ ለሚሰራ ሰው ይሄ ግዴታ ነው፣ ካልሆነ አፕዴቱ ፓኬጁን ይጨርሰዋል። አፕዴቱን እሁድ ጠዋት ባትሪ ሞልቶ፣ ሌላ ቦታ ያልተገደበ ኢንተርኔት ሲገኝ ነው የማወርደው፣ መሀል ላይ መብራት ቢሄድ ባትሪው እንዲይዘው።

ትናንሾቹን ነገሮች ቶሎ ልበላቸው። ስታርት በተኑ ከመሀል ወደ ግራ ይመለሳል፣ ታስክባር ሴቲንግ ውስጥ ነው። ራይት ክሊክ ስታደርጉ የለመዳችሁት ሜኑ ከጠፋ ሺፍትና ኤፍ 10 አንድ ላይ ስትጫኑ የድሮው ይመጣል። የወደድኩትም አለ፣ ዊንዶውስና ዜድ ስትጫኑ ስክሪኑን እንዴት እንከፋፍለው ብሎ ይጠይቃል፣ ለትርጉም ስራ በግራ እንግሊዝኛው በቀኝ አማርኛው ሆኖ መስራት እጅግ በጣም ነው የሚመቸው። ኖትፓድ ደግሞ ሴቭ ያላደረጋችሁትን ይዞ ይቆያል፣ ባትሪ አልቆ ጠፍቶብኝ ስከፍተው የጻፍኩት እንዳለ ነበር፣ ለኛ አገር መብራት የተሰራ ነው የሚመስለው።

ፕሪንተሬ ግን አልሆነም። ድሮ የገዛሁት ሌዘር ነው፣ ድራይቨሩ ባለ 32 ቢት ብቻ፣ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ባለ 64 ቢት ብቻ ነው የሚወጣው፣ የማይታረቅ ነገር ነው። አሮጌውን ላፕቶፕ ከኢንተርኔት ነቅዬ ለፕሪንተሩ ሰጠሁት፣ ፒዲኤፍ በፍላሽ አምጥቼ ከሱ ላይ አትማለሁ። በኋላ እንዳየሁት አሮጌውን አለመሸጤ ሌላም ነገር አትርፎልኛል።

ኪቦርድ ላይ ትንሽ ልቆይ። በፊት የምጠቀምበት የአማርኛ መጻፊያ አዲሱ ላይ በደንብ አልሄድ አለኝ፣ አንዳንዴ ይጽፋል አንዳንዴ ላቲን ይተፋል፣ ስለዚህ ወደ ሌላ ኪቦርድ ቀየርኩ። አማርኛ የሚጽፍ ሰው እንደሚያውቀው የድምጹ ፊደሎች ሁሉም ጋ ይመሳሰላሉ፣ ሰላም ብላችሁ መጻፍ የትም አያቅትም፣ ልዩነቱ ሀ ሐ ኀ ላይ ነው፣ ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀ ላይ ነው። ጣቴ የለመደው ቦታ ላይ ሌላ ፊደል ይመጣል። ለአንዳንድ ሰው ይሄ ምንም አይደለም፣ ለኔ ግን ስራዬ ነው፣ መታወቂያው ላይ "ፀሐይ" የተባለችን ሴት እኔ "ጸሀይ" ብዬ ብጽፋት ሰነዷ ተመልሶ ይመጣባታል። ለሦስት ሳምንት እያንዳንዱን ስም ሁለት ሁለቴ እያየሁ ነው የሰራሁት፣ ፍጥነቴ በግማሽ ቀንሶ ነበር። አሁን ለምዶልኛል፣ ጸ ላይ ግን አሁንም አቆማለሁ።

የመጨረሻው የጋሼ ነገር ነው። ጋሼ ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህር ናቸው፣ ሰፈር አንድ ነን። የተረትና ምሳሌ ስብስብ አላቸው፣ በ1980ዎቹ መጨረሻ ከየገጠሩ እየሰሙ የለቀሙት፣ እያንዳንዱ ተረት ከየት ወረዳ እንደተሰማ የተጻፈበት። በ1990ዎቹ መጀመሪያ አንድ ጸሐፊ ታይፕ አድርጎላቸው በሲዲ ተቀምጦ ነበር፣ በኋላ እኔ ወደ ኮምፒውተሬ ገለበጥኩላቸው። የእጅ ጽሑፉን ምስጥ በልቶታል። አዲሱ ላፕቶፕ ላይ ከፈትኩት፣ ከላይ እስከ ታች የላቲን ፊደልና ምልክት፣ አንድም የግዕዝ ፊደል የለም።

ምክንያቱን ያወቅኩት በኋላ ነው። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ (ለየቋንቋው ፊደል የራሱን ቁጥር የሚሰጠው፣ ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚግባቡበት ሥርዓት ማለት ነው) የገባው በፈረንጅ 1999 ነው። ከዛ በፊት የነበሩት የአማርኛ ሶፍትዌሮች ፊደላችንን በላቲን ፊደል ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት፣ ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ላቲን ነው፣ ፎንቱ ብቻ ነው አማርኛ የሚያስመስለው። አንድ ፎንት 256 ቦታ ብቻ ነበረው፣ ያም ሁሉ ለፊደል አይውልም፣ የኛ መደበኛው ፊደል ብቻ 33 በ 7 ሲባዛ 231 ነው፣ ዲቃላዎቹና ቁጥሮቹ ሲጨመሩ አይበቃም፣ ስለዚህ አንዳንዱ ሁለት ሦስት ፎንት ላይ ይከፋፍለዋል፣ አንዳንዱ ፊደሉንና ቅጥያውን ለየብቻ ቀጣጥሎ ይስላል። ሁሉም በየራሱ መንገድ። ፎንቱ ከሌለ ጽሑፉ ትርጉም የለውም ማለት ነው።

አሮጌው ላፕቶፕ አልተሸጠም ብዬ አልነበር፣ የጋሼ ጽሑፍ የተጻፈባቸው ሁለት ፎንቶች እዛ ውስጥ ነበሩ። ሲ ድራይቭ ላይ ዊንዶውስ ከዛ ፎንትስ የሚለው ፎልደር ውስጥ ሁለቱንም አገኘኋቸው፣ በፍላሽ አመጣሁና አዲሱ ላይ ጫንኳቸው፣ የጋሼ ተረቶች ተመልሰው ታዩ። ፎርማት አስደርጌው ወይም ሸጬው ቢሆን ኖሮ ምን እንደምላቸው አላውቅም።

ግን ፎንቱን መጫን በቂ አይደለም፣ ነገ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ያው ነው፣ ስለዚህ ወደ ዩኒኮድ ልቀይረው ወሰንኩ። እያንዳንዱ የላቲን ምልክት የቱን ፊደል እንደሚሆን በሰንጠረዥ ጻፍኩ፣ አራት ማታ ፈጀብኝ፣ ከዛ በወርድ ፋይንድ ኤንድ ሪፕሌስ አንድ በአንድ። መጀመሪያ ተሳሳትኩ፣ ከነጠላው ምልክት ጀመርኩና ከሁለት ምልክት የሚሰሩት ፊደሎች ተሰባበሩ፣ ሁሌም ረጅሞቹ ጥምሮች ናቸው ቀድመው መቀየር ያለባቸው፣ ትልልቅና ትንንሽ ሆሄ የሚለየውን ማች ኬዝ የሚለውንም ማብራት የግድ ነው። ከኮፒው ላይ እንደገና ጀመርኩት። ዋናውን ፋይል አለመንካት አትርሱ።

ባለፈው ቅዳሜ የመጀመሪያዎቹን 60 ገጾች አትሜ ወሰድኩላቸው። መነጽራቸውን አድርገው በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡት፣ ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዛ ገጽ 14 ላይ ቆሙና "ልጄ ይሄ ኃይል የሚለው በብዙኃኑ ኀ ነበር እኮ የተጻፈው፣ እዚህ ሃ ሆኗል" አሉኝ። አየሁት፣ እውነታቸውን ነው፣ ሰንጠረዡ ላይ ሁለቱን አንድ ምልክት ነው ብዬ ይዣቸው ነበር፣ በትንሽ ሰረዝ ነው የሚለያዩት። ቤት ተመልሼ ከኮፒው ላይ አስተካክዬ ጀመርኩ፣ አሁን ገጽ 38 ላይ ነኝ፣ 212 ነው ጠቅላላው።